ሞት መቼ ሆነ? የ113 ዓመቱ ስሕተትና ያስገኘው ሳይንስ

ከጀበና የተቀዳ ቡና በስኒ ውስጥ የሚቀዘቅዝበትን ፍጥነት ኒውተን ባወጣው ሕግ ማስላት እንደሚቻል በፊዚክስ የመጀመሪያ ትምህርቶች እንማራለን። በቡናውና በክፍሉ ሙቀት መካከል ያለው ልዩነት ሲሰፋ ቡናው ፈጥኖ፣ ልዩነቱ ሲጠብ ደግሞ እያዘገመ ይቀዘቅዛል። ስለሆነም ሙቀቱን በመለካት ከስንት ደቂቃ በፊት እንደተቀዳ መገመት ይቻላል። ቡናው ከክፍሉ ሙቀት ጋር ከተስተካከለ በኋላ ግን ቴርሞሜትሩ ምንም አይነግረንም፤ ጠዋት የተቀዳውም ትናንት የተቀዳውም አንድ ዓይነት ንባብ ይሰጣሉና።

የሞተ ሰው አካልም ለዚሁ ሕግ ተገዥ ነው። በሕይወት ሳለ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የነበረው ሙቀቱ ከሞት በኋላ ይወርድና ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ገደማ ከአካባቢው ሙቀት ጋር ይቀራረባል። አስከሬኑ ከሳምንታት በኋላ ቢገኝና ፖሊስ «ይህ ሰው መቼ ሞተ?» ብሎ ቢጠይቅ ሌላ ዓይነት ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ሰዓት ለመሥራት ስለተነሡ አንድ ሳይንቲስትና ለሥራቸው መነሻ ስለሆነው ስሕተት ያወሳል።

የኮሎኔሉ መቃብር

እ.ኤ.አ. በ1928 የተወለዱት ፕሮፌሰር ዊልያም ባስ በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሳሉ በይበልጥ የሚያጠኑት ከጥንት መቃብሮች የሚወጡ አጥንቶችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲን የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል ለመምራት ወደ ኖክስቪል ከተማ ሲዛወሩ ግን ሥራው ተለወጠባቸው። በደረቁ ካንሳስ ፖሊስ የሚያመጣላቸው በአብዛኛው ደረቅ አጥንት ሲሆን፣ እርጥበት በበዛበት ቴኔሲ ግን ገና በመበስበስ ላይ ያለ፣ ትል የወረሰው አስከሬን ይቀርብላቸው ጀመር።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1977 በቴኔሲ ፍራንክሊን ከተማ አጠገብ አንድ የቆየ መቃብር ተቆፍሮ ተገኘ። በውስጡም ራሱ ያልታየ፣ ሥጋው ገና ቀላ ያለ አስከሬን ነበር። ፖሊስ ነፍሰ ገዳይ ሟቹን በሌላ ሰው መቃብር ሸሽጎታል ብሎ ጠረጠረ። ፕሮፌሰር ባስም መርምረው ሟቹ በ20ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ወንድ እንደሆነና ከሞተ ከአንድ ዓመት እንደማይበልጥ ገመቱ።

ምርመራው ሲቀጥል ግን የልብሱና የጥርሱ ሁኔታ ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ሆኖ ተገኘ። ሟቹ የመቃብሩ ባለቤት ራሱ፣ ሌተና ኮሎኔል ዊልያም ሻይ ነበር፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በናሽቪል ውጊያ እ.ኤ.አ. በ1864 በ26 ዓመቱ የተገደለ መኮንን። አስከሬኑ እንዳይበሰብስ በመድኃኒት ታሽቶ በተዘጋ የብረት ሣጥን የተቀበረ በመሆኑ ነፍሳትም ሆኑ በቂ ኦክስጅን ሳይደርሱበት ቆይቷል። ፕሮፌሰሩ ጾታውንና ዕድሜውን በትክክል አውቀው ጊዜውን በ113 ዓመት ያህል ሳቱ።

ስሕተታቸውን አልሸሸጉም፤ ደጋግመው በአደባባይ ተናገሩት። ከዚህም በላይ የስሕተቱን ምንጭ ፈለጉ። አስከሬን በምን ሁኔታ ምን ያህል ጊዜ ውስጥ እንደሚበሰብስ ሥርዓት ባለው መንገድ የለካ ጥናት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከግምት ወደ ልኬት

በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1981 ከዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል በስተጀርባ በምትገኝ አነስተኛ የታጠረች መሬት ላይ የምርምር ጣቢያ አቋቋሙ። ለሳይንስ የተለገሱ አስከሬኖች በፀሐይ፣ በጥላ፣ በአፈር ውስጥና በሌሎችም ሁኔታዎች እየተቀመጡ ለውጣቸው በየጊዜው ይመዘገብ ጀመር። የሚከናወነው ሂደት በአጭሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሕዋሳት በራሳቸው ኢንዛይም ይፈርሳሉ። ቀጥሎ የአንጀት ባክቴሪያዎች ሕብረ ሕዋሳትን ሲበሉ በሚፈጠረው ጋዝ ሆድ ያብጣል። ዝንቦች ቀድመው ደርሰው ዕንቁላል ይጥላሉ፤ ከዕንቁላሉ የሚወጡት ዕጮችም ሥጋውን ይጨርሳሉ። የሚቀረው አጥንት ነው።

እነዚህ ሁሉ ሂደቶች በሙቀት ይፋጠናሉ። አንድ ዓይነት ሰብል በቆላ ፈጥኖ፣ በደጋ ዘግይቶ እንደሚደርስ ገበሬ ያውቃል፤ የመበስበስም ነገር እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ቀኖችን ብቻ መቁጠር አይበቃም፤ የእያንዳንዱን ቀን አማካይ ሙቀት መደመር ያሻል። በ20 ዲግሪ ያለፉ 10 ቀኖች 200፣ በ10 ዲግሪ ያለፉ 20 ቀኖችም ያው 200 የዲግሪ ቀን ይሆናሉ። በዚያው ጣቢያ የሠሩት አርፓድ ቫስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት በምድር ላይ የተተወ አስከሬን ሥጋው የሚያልቀው ድምሩ 1285 ገደማ ሲደርስ መሆኑን አመለከቱ። ለግምት ያህል 1285 ለአማካዩ ሙቀት ሲካፈል የቀኖቹ ብዛት ይገኛል።

ቁጥሩ ከአገሩ ሲወጣ

እስኪ ስሌቱን ወደ እኛ አገር እናምጣው። አማካይ ሙቀቱ 16 ዲግሪ በሆነ ደጋ 80 ቀን፣ 25 ዲግሪ በሆነ ቆላ ደግሞ 51 ቀን ይሆናል። ነገር ግን የደጋውን ሙቀት በ2 ዲግሪ ብንስትስ? በ14 ዲግሪ 92 ቀን፣ በ18 ዲግሪ 71 ቀን ይመጣል። ልዩነቱ 21 ቀን ነው! በእነዚያ ቀናት ተጠርጣሪው በሌላ ከተማ፣ ምናልባትም በእስር ቤት የነበረ ሊሆን ይችላል። ለፊዚክስ ተማሪ የስሕተት ወሰን በቤተ ሙከራ ደብተር የሚሞላ ሰንጠረዥ ነው፤ በፍርድ ቤት ግን የአንድን ሰው ነፃነት ይወስናል።

በተጨማሪም 1285 የተለካው በቴኔሲ አየር ነው። በቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተው ተመሳሳይ ጣቢያ ጥንብ አንሣዎች አንድን አስከሬን በሰዓታት ውስጥ ወደ አጥንት ሊለውጡ እንደሚችሉ አሳይቷል። አውስትራሊያም የራሷን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከሲድኒ አቅራቢያ ከፍታለች። የእኛ ደጋ የሌሊት ብርድ፣ ጅቡና ጥንብ አንሣው በዚያ ቀመር ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከላይ ያሰላናቸውን ቁጥሮች እንደ መልመጃ እንጂ እንደ ማስረጃ ልንወስዳቸው አይገባም።

ይህ ዕውቀት ለአገራችን እንግዳ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ከልዩ ዐቃቤ ሕግ ጋር በመሆን የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አፅም መርምሯል። እዚያ ዋናው ጥያቄ የሟቾቹ ማንነትና የአሟሟታቸው ሁኔታ ነበር፤ መልሱንም ለዓመታት የጠበቁ ቤተሰቦች ነበሩ።

ወደዚህ ሙያ የሚያዘነብል ተማሪ የአጥንትን አናቶሚ፣ የነፍሳትን ሕይወት፣ ኬሚስትሪንና ስታቲስቲክስን መማር ይኖርበታል። ከሁሉ ጋር ግን በዳኛ ፊት ቆሞ «የማውቀው እስከዚህ ነው፤ ልሳሳት የምችለውም በዚህን ያህል ነው» ለማለት መዘጋጀት አለበት። ፕሮፌሰር ባስ ይህን የተማሩት ከአንድ የብረት ሣጥን ነው።