ቅዝቃዜ በዱር ሥጋ ውስጥ ያለውን ትል ስለ መግደሉና ስላለመግደሉ

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላ ከርከሮና የዱር ዐሣማ ይገኛሉ፤ ከሕዝቡም መካከል አድኖ ሥጋቸውን የሚበላ አለ። በዚህ ሥጋ ውስጥ የሚያሠጋው ትሪኪኔላ የተባለው በዓይን የማይለይ ረቂቅ ትል ነው። ትሉ በአውሬው ጡንቻ ውስጥ ተጠቅልሎ ይኖራል፤ ሰው ሥጋውን ሳይበስል የበላ እንደ ሆነ በአንጀቱ አድጎ ይራባል፤ ግልገሎቹም በደም ተጉዘው በጡንቻው ይሰፍራሉ። ከዚህም ትኩሳት፣ የዓይን ቆብ እብጠትና ብርቱ የጡንቻ ሕመም ይከተላል፤ ልብን ያገኘ እንደ ሆነ እስከ ሞት ያደርሳል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በጎጃም ከዱር ዐሣማ ሥጋ የተነሣ ይህ በሽታ በሰዎች ላይ መታየቱን በ1992 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የታተመ የሕክምና ጽሑፍ ገልጿል። ዛሬ የክልሉ ክፍል የሆነው መተከልም ቀድሞ ከጎጃም ክፍለ ሀገር ይቈጠር ነበር።

ሥጋውን በማቀዝቀዣ ማኖር ይበቃል የሚለው አሳብ በከፊል ብቻ እውነት ነው። ለቤት ዐሣማ ሥጋ የተወሰነው ሥርዓት፣ ውፍረቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠው ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ 20 ቀን፣ በ23 ዲግሪ 10 ቀን፣ በ29 ዲግሪ 6 ቀን ይቀመጥ የሚል ነው። ይህ ግን ለዱር ሥጋ መተማመኛ አይሆንም። በመጀመሪያ፣ የትሉ ዓይነት ብዙ ነው፤ በሰሜን ዋልታ አውሬዎች የሚገኘው በበረዶ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቈያል። የአፍሪቃው ዓይነት ብርድን ያን ያህል ባይችልም፣ አዳኝ የትሉን ወገን በዓይኑ ሊለይ አይችልም። ሁለተኛም፣ ተራው የቤት ማቀዝቀዣ ሥጋውን ያቀዘቅዛል እንጂ በረዶ አያደርገውም፤ በረዶ የሚያደርገውም መብራት በተቋረጠ ጊዜ ይሞቃልና የቀኑ ቍጥር ይፈርሳል። ጨው፣ ጢስና ቋንጣ ማድረግም ትሉን ለመግደል አይታመኑም።

የታመነው መድኃኒት እሳት ነው። የሥጋው መካከል 71 ዲግሪ ሙቀት ሲደርስ ትሉ ይሞታል። መለኪያ በሌለበት ሥጋውን በትንንሹ ቈርጦ፣ ውስጡ ቅላት እስኪያጣ ድረስ አጥብቆ መቀቀል ይገባል።

ስለዚህ የየወረዳው ሹማምንትና ባለይዞታዎች ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ መሆኑን ከማሳወቅ ጋራ፣ የዱር ሥጋ በጥሬው ወይም በለብለብ እንዳይበላ ሕዝቡን ያስተምሩ። ትራፊውም ለውሻና ለዐሣማ ሳይጣል ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር፤ የተጣለው ሥጋ ትሉን ከአውሬ ወደ እንስሳ ያሻግራልና።