አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛትዎ በፊት

የሽያጭና የግዢ ሒሳብ የሚመዘገብበት የቤት ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ የብዙ ነጋዴ የመጀመሪያ ሐሳብ አዲስ መግዛት ነው። ይሁንና ይህም ወጪ እንደማንኛውም ኢንቨስትመንት ሊሰላ ይገባዋል። የፋብሪካ ምርት የሚወሰነው በዘገምተኛው ማሽን እንደሆነ ሁሉ የኮምፒውተርም ፍጥነት የሚወሰነው በደካማው ክፍል ነው። በቅድሚያ ያንን ክፍል መለየት ያስፈልጋል።

ምርመራው ወጪ የለውም። በዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙና ዲስኩ ምን ያህል እንደተጠመዱ በመቶኛ ያሳያል። ሥራው በሚጓተትበት ሰዓት ዲስኩ 100 በመቶ አካባቢ ከቆየ ችግሩ ከዲስኩ፣ ራሙ ከ90 በመቶ ካለፈ ደግሞ ከራሙ ሊሆን ይችላል። እግረ መንገድዎን «ስታርትአፕ» በሚለው ክፍል ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ሳይጠሩ የሚነሱትን ፕሮግራሞች ያጥፉ፤ ጸረ ቫይረሱን ግን አይንኩ።

በአሮጌ ኮምፒውተሮች ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የሚሽከረከረው ሐርድ ዲስክ ነው። ይህ ዲስክ በሰከንድ በአመዛኙ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ሲያነብ፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ በተለመደው የሳታ መስመር እንኳ ወደ 500 ሜጋባይት ይደርሳል። ራም የሚገዛ ሰው ደግሞ ዓይነቱን ያረጋግጥ። ዲዲአር 3 በዲዲአር 4 ቦታ አይገባም፤ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይም ራሙ ከቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ መጨመር አይቻልም።

ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው ግን በዕቃው ሳይሆን በመረጃው ላይ ነው። ዲስክ ከመቀየሩ በፊት የፒችትሪ ሒሳብዎን ጨምሮ ፋይሎችዎን በሁለት ቦታ ይገልብጡ። የተነቀለውንም ዲስክ ጥገና ቤት ትተው አይሂዱ፤ የደንበኞችዎ የዱቤ መዝገብ በውስጡ አለ።

አዲስ መግዛት የሚያዋጣበትም ጊዜ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ክፍልና ማይክሮሶፍት የተቀበለው ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ራምና ዲስክ ይቀየራሉ፤ ፕሮሰሰሩ ካላለፈ ግን በአሮጌው ማሽን ላይ የሚፈሰው ገንዘብ ዕድሜው አጭር ነው። ካለፈ አንድ ዲስክ ብቻ በመቀየር ለአዲስ ኮምፒውተር የታሰበውን ገንዘብ ዕቃ ማምጫ ማድረግ ይቻላል።