የድሮ አዳኞች ዘዴና የዛሬው ትምህርታችን

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ ትምህርት ስለ አደን ነው። ታዲያ አድኑ ለማለት አይደለም! አያቴና የሰፈራችን ሽማግሌዎች ድሮ እንዴት እንደሚታደን ሲያጫውቱኝ፣ ነገሩ ከሳይንስ ትምህርታችን ጋር ገጠመልኝ። በደብተሬ የያዝኩትን በየተራ እነሆ።

1ኛ. ቆቅ፦ ቆቅ ቶሎ አትበርም። ሰው ሲመጣ ሳር ውስጥ ድፍት ብላ ትደበቃለች፤ ሊረግጧት ሲደርሱ ድንገት ብር ትላለች። ስለዚህ እረኞች በሩጫ አይይዟትም። በማሳ ዳር የምትመላለስበትን ቀጭን መንገድ አይተው ወጥመድ ይዘረጉባታል።

2ኛ. ጅግራ፦ የምትገኘው ወደ ቆላው ነው። በመንጋ ትሄዳለች፤ ከመብረር ይልቅ መሮጥ ይቀናታል። ማታ ግን ዛፍ ላይ ነው የምታድረው። አዳኙ የማደሪያዋን ዛፍ አስቀድሞ ያጠናል።

3ኛ. ሚዳቋና ድኩላ፦ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ይውሉና ማለዳና አመሻሽ ላይ ለመብላት ይወጣሉ። የሚታደኑት በቡድን ነበር። ግማሹ ሰው ከውሻ ጋር እየጮኸ ይነዳል፣ ግማሹ መውጫው ላይ ያደፍጣል።

4ኛ. ዋልያ፦ ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። ገደል ላይ ይኖራል፣ ዓይኑም አፍንጫውም ንቁ ነው። አያቴ «ዋልያ ከላይ እንጂ ከታች አይቀረብም» ይላሉ። ለምን? አንደኛ፣ ዋልያ ጠላቱን የሚጠብቀው በብዛት ከታች ነው። ሁለተኛ፣ ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ይቀልና ሽቅብ ይወጣል። ከታች ያለ ሰው ጠረኑ አብሮ ይወጣበታል፤ ከላይ ያለው ግን አይሸተትም። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል ብለን የተማርነው ይሄንኑ አይደል?

ጎበዝ አዳኝ ማለት እንስሳውን በደንብ የሚያውቅ ነው። ግን ይህ እውቀት ጉዳት አመጣ። ዋልያ ለሥጋው፣ ለቆዳው፣ ቀንዱም ለዋንጫ ተብሎ ተገደለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠመንጃ ሲበዛ ደግሞ ይበልጥ አለቀ። አዳኝ የሚመርጠው ቀንደ ረጅሙን አውራ ነው። እናቲቱም አምስት ወር ያህል አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ የሞተውን ለመተካት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አስቡት!

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። በሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። ዋልያ ከእኛ ስሜን በቀር በዓለም የትም በዱር አይገኝም። ያለው ሁሉ ቢቆጠር አንድ ሺህ አይሞላም። ጠዋት ሰልፍ ላይ የምንቆመው ተማሪዎች እንበልጠዋለን ማለት ነው!

ታዲያ የሽማግሌዎቹን ዘዴ እንርሳው? በፍጹም። የፓርኩ ስካውቶች ዋልያን የሚቆጥሩት ማለዳና አመሻሽ ላይ፣ ሊበላና ፀሐይ ሊሞቅ ሲወጣ፣ ከፍ ካለ ቦታ ሆነው ነው። የአዳኙ እውቀት ያው ነው፤ የተለወጠው ጠመንጃው በመነጽር መሆኑ ነው።

በእረፍት ቀን ከብት የምትጠብቁ ጓደኞቼ፣ ወጥመድ እናትና ጫጩት አይለይም። እባካችሁ በወጥመድ ፋንታ ደብተር ያዙ፤ ያያችሁትን ጽፋችሁ ለክበባችን አምጡ፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

ጥያቄ፦ ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ በገደሉ ላይ ወዴት ይነፍሳል? መልሱን በክበባችን ሳጥን ክተቱ።

ቸር ያገናኘን!