በሁለት ፊልሞች መካከል፦ የደበበ እሸቱ የሙያ ጉዞና የተዋናይ ታሪክ አጠናን

መግቢያ

ስለ ኢትዮጵያ ፊልም የሚጻፉ ጥናቶች በአብዛኛው ፊልሞችን በተሠሩበት ዘመን ቅደም ተከተል ይዘረዝራሉ። «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም.፣ «ጉማ» በ1966 ዓ.ም.፣ ከዚያም ከጥቂት ሥራዎች በኋላ የቪዲዮ ፊልም ዘመን ይከተላል። ይህ አቀራረብ የፊልም ሥራን ዕድገት ለመከታተል ይረዳል፤ የተዋናይን ሕይወት ግን ይቆራርጣል። ፊልም በብዛት በማይሠራበት አገር ተዋናዩ ከመድረክ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ አልፎ አልፎም ወደ ውጭ አገር ፊልም እየተዘዋወረ ይሠራልና። ይህ አጭር ጽሑፍ የአንጋፋውን ተዋናይ የደበበ እሸቱን ጉዞ በማሳያነት በመውሰድ፣ የጥናቱ መነሻ ፊልሙ ሳይሆን ተዋናዩ ቢሆን ምን ሊታየን እንደሚችል ያመለክታል።

ሁለቱ ፊልሞች

ደበበ እሸቱ በአዲስ አበባ መድረክ ያደገና የትያትር ትምህርቱን በሃንጋሪ ቡዳፔስት የተከታተለ ተዋናይ ነው። በውጭው ዓለም በይበልጥ የሚታወቀው ግን በሁለት ፊልሞች ነው። የመጀመሪያው በጆን ጊለርሚን አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1973 ለእይታ የበቃው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ሲሆን፣ ከፊሉ በኢትዮጵያ ተቀርጿል። ፊልሙ አፍሪካውያንን ወደ አውሮፓ እያጋዙ ጉልበታቸውን የሚበዘብዙ ሰዎችን የሚያሳድድ አሜሪካዊ መርማሪ ታሪክ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የሪቻርድ ራውንድትሪ ነው፤ ደበበ የተጫወተው ዋሳ የተባለውን ደጋፊ ገጸ ባሕርይ ነው።

ሁለተኛው ባዚ ጌቴ በእስራኤል የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ቀይ ቅጠሎች» ነው። በዚህ ፊልም ደበበ ዋናውን ሰው፣ የ74 ዓመቱን አዛውንት መሰጋንዮ ታደላን ሆኖ ይጫወታል። መሰጋንዮ ከኢትዮጵያ ከወጣ 28 ዓመት ሆኖታል፤ ዕብራይስጥ እምብዛም አይናገርም፤ በአማርኛም ቢሆን ንግግሩ ቁጥብ ነው። ሚስቱ ከሞተች በኋላ በልጆቹ ቤት እየተዘዋወረ ለመኖር ሲሞክር፣ የያዘው ሥርዓት ከእርሱ ጋር እያለፈ መሆኑን ይረዳል። የታሪኩ መነሻ የሼክስፒር «ንጉሥ ሊር» ነው።

በመካከል ያለው

በሁለቱ ፊልሞች መካከል 41 ዓመት አለ። የፊልም ዝርዝር ብቻ የሚመለከት ተመራማሪ ይህንን ዘመን ባዶ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን የሁለተኛውን ፊልም ትወና ያበሰለው ይኸው ዘመን ነው። ደበበ ፀጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ በመለሰበት ወቅት በመድረክ የሠራ ትውልድ አባል ነው። ይህ ትውልድ ሼክስፒርን ያወቀው በአማርኛ፣ በሕዝብ ፊት ነው። በመሆኑም በእርጅናው የሊርን ዕጣ የተሸከመ፣ ጥቂት የሚናገር አባት ሆኖ መታየቱ ድንገተኛ ግጥምጥም ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ንግግር የበዛበትን መድረክ የሚያውቅ ተዋናይ የዝምታንም ክብደት ያውቃልና።

በዚያው ዘመን ውስጥ ከሙያው ውጭ የሆኑ ክስተቶችም አሉ። ደበበ በ1998 ዓ.ም. ከቅንጅት አመራሮች ጋር ታስሮ በ1999 ዓ.ም. ተፈቷል፤ በ2004 ዓ.ም. መባቻም በድጋሚ ታስሮ ነበር። የተዋናይ ታሪክ የአገር ታሪክ በሚያቆመውና በሚያስቀጥለው ነገር ጭምር የሚጻፍ መሆኑን ይህ ያሳያል።

የሚተርፍና የሚጠፋ

የትውልድ ባልደረባው ወጋየሁ ንጋቱ ጉዳይ ነጥቡን ያጠናክረዋል። ወጋየሁም ታላቅ የመድረክ ተዋናይ ነበር። ሆኖም ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ በተረከበት ድምፁ ነው። ከአንዱ ድምፅ፣ ከሌላው በውጭ ሰዎች ካሜራ የተቀረጸ ምስል ተርፎልናል። የሁለቱም የሥራ ማዕከል የነበረው መድረክ ግን በአብዛኛው ሳይቀረጽ አልፏል። ስለዚህ በእጃችን ያለው ማስረጃ የተዋናዩን ሥራ መጠን አያሳይም፤ የሚያሳየው የመቅጃ መሣሪያ የት እንደነበረ ነው። ይህን ልዩነት ያላገናዘበ ጥናት የተቀረጸውን ትልቅ፣ ያልተቀረጸውን ትንሽ አድርጎ የመመዘን አደጋ አለበት።

ለጥናት የሚሆን ሐሳብ

ያልተቀረጸው ሥራ ያለበት አንዱ ቦታ የተመልካችና የአድማጭ ትዝታ ነው። ይህ ለእኛ ቅርብ ነው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ የተቆረቆረችው አርባ ምንጭ ዕድሜዋ በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ዕድሜ ብዙም አይርቅም። ከከተማዋ ጋር ያደጉ፣ በሬዲዮ ትረካ ሰምተው፣ በኋላም ድራማ በቴሌቪዥን ያዩ አዛውንት በመካከላችን አሉ። በጋሞ ዞን ከእነዚህ ሰዎች ጋር የሚደረግ ቃለ መጠይቅ ሦስት ጥያቄዎችን ሊመልስ ይችላል፦ የትኛው ተዋናይ በምን ይታወሳል? ያወቁት በድምፅ ነው ወይስ በመልክ? አማርኛ የአፍ መፍቻው ላልሆነ አድማጭ የተዋናዩ ድምፅ ምን ትርጉም ነበረው? ሦስተኛው ጥያቄ በተለይ ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚመለስ አይደለም።

ማጠቃለያ

የደበበ እሸቱ ጉዞ የሚያስተምረን፣ የአንድ ተዋናይ ሕይወት በስሙ ከተመዘገቡት ፊልሞች ድምር እንደሚሰፋ ነው። ተዋናዩን መነሻ ያደረገ ጥናት መድረክን፣ ሬዲዮንና ስክሪንን በአንድ ሰው ሥራ ውስጥ አገናኝቶ ያያል። የትዝታ ምንጮች ግን እንደ ፊልም ጥቅል በመደርደሪያ አይቀመጡም፤ ያዩትና የሰሙት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መሰብሰብ አለባቸው።