«እኛ ታዲያ ምን በልተን ነው የምንኖረው?»፦ በገጠር ምግብ ስለ መሸመት

ከትምህርት ክፍላችን ለመስክ ሥራ ወደ ገጠር የሚወጡ ተማሪዎች ሲመለሱ ከሚያወሯቸው ነገሮች አንዱ ምግብ ነው። «የሚበላ ነገር የለም፤ በማካሮኒ ነው የከረምነው» ይላሉ። እኔም ብዬዋለሁ። ማለት ብቻ ሳይሆን ጽፌዋለሁ፤ ያውም ነጥብ በሚያዝበት ሪፖርት ላይ። ያ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደ ተሳሳተ፣ በገጠርም ደህና ምግብ መቼና እንዴት እንደሚገኝ ያየሁትን በዚህ ጽሑፍ ለማካፈል እሞክራለሁ።

ጊዜው 2011 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ በየካቲት መጀመሪያ ሦስት ሆነን ለስምንት ሳምንት ወደ መንዝ ሄድን። መንዝ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ ቦታ ቦታው ላይም ከዚያ የሚያልፍ ደጋ ነው። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ይበቅልበታል፤ በግ ይረባበታል። ጤፍ ብርዱን ስለማይችል ከቆላው ይመጣል። ይህን ሁሉ ከመሄዳችን በፊት አንብበናል። ምን ዋጋ አለው! ደርሰን ከመኪና እንደ ወረድን የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሱቅ የት ነው?» የሚል ነበር።

ሥራችን የአገልግሎት ስርጭትን ማጥናት ስለ ነበር ሱቆቹን ቆጠርን፤ ሰባት ናቸው። በሰባቱም ያለው አንድ ዓይነት ነው። ማካሮኒ፣ ብስኩት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የቲማቲም ድልህ፣ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ። እኛም ከዚያው እየገዛን በላን፣ የቆጠርነውንም በሠንጠረዥ አስገባን። ከሠንጠረዡ ሥር በእጄ የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «በቀበሌው የአትክልትም ሆነ የገንቢ ምግብ አቅርቦት የለም።»

የሱቅ ዕቃ ሁሉ ከደብረ ብርሃን በመኪና ስለሚመጣ የጭነቱ ዋጋ ላዩ ላይ አለ። የመስክ አበላችን ደግሞ ዘግይቶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ኪሳችን ባዶ ወደ መሆን ተቃረበ። አንዱ ጓደኛችን ዳገት ላይ ራሱን አዙሮት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ የዚያን ቀን መጠይቅ መሙላታችንን ትተን ደግፈነው ተመለስን። ከፍታው ነው ብለን ነበር። ከፍታውም ሊሆን ይችላል፤ ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የበላው ብስኩት በሻይ ነው።

ማታ አከራያችን፣ እማማ ነበር የምንላቸው፣ «ምንድን ነው ሌሊቱን ሁሉ የምትጽፉት?» አሉኝ። ያቺን ዓረፍተ ነገር አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ፣ ሳይስቁ፣ «እኛ ታዲያ ምን በልተን ነው የምንኖረው፣ ልጄ?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ጧት ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። የዕቃ ማጠቢያ ውኃ እየተደፋበት የቆመ ጎመን አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ አፈር ሥር ገና ያልተቆፈረ ድንች አለ። ዶሮዎቹ የሚያድሩት እኛ ከተኛንበት ግድግዳ ማዶ ነው። እኔ በዚያ ጓሮ በኩል በየቀኑ ወደ መጸዳጃ ቤት ስመላለስ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል!

ቅዳሜ ገበያ ይዘውን ወጡ። ከዚህ በኋላ ያለው በአብዛኛው የእርሳቸው ትምህርት ነው።

ገበያው ለምን በሳምንት አንድ ቀን ሆነ?

ንድፈ ሐሳቡን ክፍል ውስጥ ተምረነዋል። ዋልተር ክሪስታለር በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ ደቡብ ጀርመን ሲጽፍ ለማንኛውም ሸቀጥ ሁለት ነገር እንዲታይ አሳሰበ። አንደኛው ሻጩ ከሥራው ለመኖር የሚያስፈልገው አነስተኛ የገዢ ብዛት ነው። ሁለተኛው ገዢው ለዚያ ዕቃ ሲል ለመጓዝ የሚፈቅደው ርቀት ነው። ሰው በእግሩ በሚሄድበት፣ ቤቱ በየጋራው በተበተነበትና ጥሬ ገንዘብ ጥቂት በሆነበት አገር፣ በእግር በሚደረስበት ክልል ውስጥ ያለው ገዢ ሻጭን በየቀኑ አያኖርም። መፍትሔው የሳምንቱን ፍላጎት በአንድ ቀን ማከማቸት ነው። ነጋዴው ደግሞ ከገበያ ገበያ ይዞራል። ዊሊያም ስኪነር በ1964 እና በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ቻይና ገጠር ገበያዎች የጻፋቸው ጽሑፎች ይህን አዙሪት በዝርዝር ያሳያሉ። እኛም አገር ያው ነው። ከመንዝ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ቢወረድ የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይውላል፤ ወደ ሰሜን ርቆ የሚገኘው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኝበት የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ። ጨው የጫነ ነጋዴ በሁለት ቀን ሁለቱንም ሊደርስባቸው ይችላል።

ግን ክሪስታለር ሻጭ ሲል ነጋዴ ማለቱ ነው። እኔ ያየሁት የቅዳሜ ገበያ ላይ እንቁላል ይዛ የተቀመጠችው ሴት ነጋዴ አይደለችም። አሥራ ሁለት እንቁላል ይዛ የመጣችው ሳሙናና ጨው ገዝታ ለመመለስ ነው። የምትሸጠው ልትገዛ ነው። እንቁላሏን ለሱቅ የምትሰጥበት ምክንያት የላትም፤ ባለ ሱቁም ሳይሰበርና ሳይበላሽ ሊያቆየው አይፈልግም። ስለዚህ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው የማይበላሽና በመኪና የሚመጣ ነገር ብቻ ነው። ሱቅ ስንቆጥር የቆጠርነው ለካ ከውጭ የሚገባውን እንጂ አገሩ ያለውን አልነበረም።

ሰዓቱ፣ መስፈሪያው፣ ቅቤው

እማማ ቀኑን ማወቅ አይበቃም ይላሉ። እንቁላልና ቅቤ የሚፈልግ ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት መድረስ አለበት። ምክንያቱም ሰብሳቢዎቹ በገበያው መግቢያ መንገዶች ላይ ቆመው ባላገሯን ገና ሳትቀመጥ ይቀበሏታል። እህል ግን እኩለ ቀን ላይ ነው የሚሸመተው፤ ከሩቅ አህያ ጭኖ የሚመጣው ያኔ ስለሚደርስና ዋጋው ስለሚረጋጋ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከሸዋ ሮቢት በኩል በአይሱዙ ይመጣል። ወደ 9 ሰዓት ገደማ መልሶ የሚጭነው ስለማይኖር በመደብ የተደረደረው ሁሉ ይረክሳል። የለሰለሰውን ለይቶ ለዚያው ምሽት ወጥ መግዛት ነው። እኛ ሦስቱ ችግረኞች የቲማቲም ድልህ የተውነው በዚህ ምክንያት ነው።

መስፈሪያው ለተማሪ መከራ ነው። ኪሎ የሚባል ነገር ነጋዴው ዘንድ ነው ያለው፤ ባላገሩ በጣሳና በቁና ይሰፍራል። የሁለት ሰዎች ቁና እኩል ላይሆን ይችላል፤ አንዷም ቆልላ፣ ሌላዋም በእጇ ጠርጋ ትሰፍራለች። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅ በፊት ሲሰፈር ቆሞ ማየት ይሻላል። ከተሰፈረ በኋላ «መርቂልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ አንድ እፍኝ ትጨምራለች። እኔ እንደ ጂኦግራፊ ተማሪ ጣሳውን በኪሎ ልመዝን ሚዛን ይዤ ብወጣ ሰው ሁሉ የመንግሥት ቁጥጥር መስዬው ዝም አለ። ሁለተኛ አልያዝኩም።

ቅቤ ሲገዛ እማማ ስንጥር ወደ ቅሉ ግርጌ ይሰዱና አውጥተው ያሸታሉ። ከላይ ለጋው፣ ከሥር የከረመው ሊሆን ይችላልና። ቀጥሎ ትንሽ በእጃቸው ጀርባ ላይ ይቀቡና እስኪቀልጥ ይጠብቃሉ። ውኃ የበዛበት ይንጠባጠባል፤ ሌላ ስብ የተደባለቀበት ሽታው ይለያል። እንቁላል ደግሞ ጆሮ አጠገብ ይነቀነቃል፤ ቤት ደርሶም ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ የተንሳፈፈው የቆየ ነው።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ልናገር። በሁለተኛው ቅዳሜ ሙያውን የቻልኩ መስሎኝ አንዲት ልጅ ይዛ የመጣችውን እንቁላል ተከራክሬ ዋጋውን ወደ ግማሽ አወረድኩትና በደስታ ወደ ቤት ተመለስኩ። እማማ ዋጋውን ሲሰሙ «የደብተር መግዣ ይሆናል እኮ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ከነጋዴ ጋር መከራከርና እንቁላል ሸጣ ደብተር ከምትገዛ ልጅ ጋር መከራከር አንድ አይደለም። እኛ ሳናጠና «ሻጭ» የሚል አንድ ሣጥን ብቻ ነበር መጠይቃችን ላይ ያሰመርነው።

ጾሙና ወቅቱ

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 25 ቀን ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 20 ነበር። አገሩ በጠቅላላ ሲጾም ዶሮ ግን ጾም አታውቅም፤ መጣሏን አታቋርጥም። ስለዚህ እንቁላል ወዲያው ረከሰ። ቅቤም መጀመሪያ ላይ ረከሰ፤ ወደ ፋሲካ ሲቃረብ እንደሚወደድ እማማ ነገሩኝ፤ እኛ ያኔ ሄደናል። ከሦስታችን አንዱ ሙስሊም ነው። መንዝ ላይ የሚበላው ሥጋ ስላላገኘ ከሁላችን በላይ የተቸገረው እርሱ ነበር፤ ጾሙ ግን እንቁላል በርካሽ አበላው። እማማ «ድስቴን ግን አላስነካም» ብለው ለብቻው አሮጌ ድስት ሰጡት፤ ምድጃው የጋራ ሆነ።

እኔና ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ የምንጾም ስለ ሆንን ገንቢ ምግብ ብለን ያሰብነው ሥጋና እንቁላል ሲቀር ባዶ የምንሆን መስሎን ነበር። ገብስና ባቄላ ግን እርስ በርስ ይሟላሉ። ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ንጥረ ነገር በእህል ያንሳል፣ በጥራጥሬ ይበዛል፤ ሜቲዮኒን ደግሞ በጥራጥሬ ያንሳል፣ በእህል ይሻላል። የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ወይም የገብስ እንጀራ በሽሮ ወጥ ይህን አሟልቶ ይዟል። ጧት በሶ፣ ማታ ሽሮ በጎመን ሆነ ኑሯችን። ከሁሉ ያስገረመኝ ስልጆ ነው፤ ከባቄላ ዱቄትና ከሱፍ ተዘጋጅቶ ስናፍጭ ገብቶበት ሲብላላ የሚቆይ፣ አፍንጫ የሚገባ የጾም ማባያ። ገበያ ላይ አላየሁትም። ከሰው ቤት ነው የሚገኘው። ለጎመኑም ለስልጆውም እማማ ገንዘብ አልቀበል ስላሉ ቡናና ስኳር ከሱቅ እየገዛን አስገባንላቸው። ሱቁ በመጨረሻ ሥራ አገኘ ማለት ነው።

ነገሩን ግን ማጋነን አልፈልግም። የእኛ ጊዜ በጋ ነበር፤ ውኃ ከሌለበት ጓሮ ቅጠል አይገኝም፣ ሁሉም ቤት ጎመን የለውም። «በመስከረምና በጥቅምት ብትመጡ እሸት ባቄላ ነበር» አሉን። በክረምት ለሚወጡ ደግሞ ሌላ ነው፤ ብዙ ቤት የጎተራውን መጨረሻ የሚጠርገው ያኔ ነው። በልግ የሚዘራበት ደጋ ዝናቡ ካልቀረ በሰኔና በሐምሌ ትንሽ እፎይ ይላል፤ በልጉ ከቀረ ግን እህሉ በጣም ይወደዳል። በዚያ ወቅት የሚሄድ ተማሪ እህሉን ከከተማ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል፤ ለአገሩም ይሻላል። ደመወዝተኛና አበል ተቀባይ መስከረም እስኪጠባ በሚጠብቅ ሰው ላይ ዋጋ ሊጨምርበት አይገባም።

ሪፖርቱን እንደገና ጻፍነው። «አቅርቦት የለም» የሚለው ተሰርዞ፣ አቅርቦቱ ሳምንታዊና ወቅታዊ መሆኑ፣ ትኩስ ቅጠላ ቅጠል በበጋ ማነሱ፣ ከምርቱ ከፊሉም ወደ ገበያ ሳይወጣ ከቤት ቤት መተላለፉ ገባ። ሠንጠረዡ ከሱቅ ቁጥር ይልቅ የቀን፣ የሰዓትና የወር ዓምድ ኖረው። አማካሪያችን ከጎኑ «መጀመሪያ ሱቅ ለምን ቆጠራችሁ?» ብለው በቀይ ጻፉበት። ከከተማ ስለመጣን ነው ብዬ መመለስ ነበረብኝ፤ የመለስኩት ግን ስለ ናሙና አመራረጥ አንድ ገጽ ነው።

ዘንድሮ ለመስክ ለምትወጡ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዝርዝር ብር ይዛችሁ ውጡ። ጧት 3 ሰዓት ላይ ገና ምንም ላልሸጠች ሴት መቶ ብር ብትዘረጉላት የምትመልሰው የላትም። ዝርዝር ፍለጋ ስትዞሩ እንቁላሉን ሰብሳቢው ይወስደዋል።