በወረራ ከተያዘ ግዛት ጋር ንግድ የሚከለክል አዋጅ እንዲወጣ እንዴት ይጠየቃል? ደረጃ በደረጃ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ አራት ኪሎ

የዓለም መንግሥታት ማኅበር ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረችው በጣሊያን ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ። የጣሊያንን ዕቃ መግዛት፣ ለጣሊያን መሣሪያ መሸጥና ገንዘብ ማበደር ተከለከለ። ነዳጅ ግን በዝርዝሩ አልገባም። የፋሺስት ካሚዮኖች ነዳጅ ሳይቸግራቸው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ ማዕቀቡም ሐምሌ 8 ቀን ተነሣ። ቀዳዳ ያለው ክልከላ ምን እንደሚያስከትል የቀመሰ ሕዝብ ቀዳዳ የሌለው ሕግ መጠየቅ ይገባዋል። እንዲህ ይጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ሰው ያሰባስቡ። ከአራዳና ከፒያሳ አምስት፣ ስድስት ሰው ይበቃል። ሰብሳቢና ጸሐፊ ይምረጡ። ቃለ ጉባኤ ይያዙ፤ ሁላችሁም ፈርሙበት። አቤቱታ የማቅረብ መብታችሁ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ተጽፏል። በድርጅት ስም ገንዘብ ልትሰበስቡ ካሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝገቡ።

ደረጃ 2፦ ትርጉሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «በሕገ ወጥ መንገድ የተያዘ ግዛት» ምንድን ነው? ማንስ ነው እንዲህ ብሎ የሚወስነው? የአገር ስም አይጥቀሱ። ስም ከጠቀሱ ክርክሩ ወዲያው ወደ ወዳጅና ጠላት ይዞራል፤ ነገ የሚወረረውም አገር ከሕጉ ውጭ ይቀራል። በምትኩ ትርጉሙን ከተቋም ውሳኔ ጋር ያስሩት፦ ከተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት፣ ከዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት፣ ከአፍሪካ ኅብረት።

ደረጃ 3፦ ማስረጃ ያያይዙ። በቅድሚያ የራሳችንን። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን በናሚቢያ ጉዳይ በ1953 ዓ.ም. ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ1958 ክሱን ውድቅ አደረገው። ሰኔ 14 ቀን 1963 ግን በሰጠው የምክር አስተያየት ደቡብ አፍሪካ ናሚቢያ ውስጥ መቆየቷ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ አገሮችም ለዚያ ይዞታ ዕውቅና ከሚሰጥ ግንኙነት እንዲታቀቡ አሳሰበ። ይህን ወረቀት ከላይ ያድርጉት፤ መንገዱን ከላይቤሪያ ጋር የከፈተችው ኢትዮጵያ ናትና። ከሥሩ ፍርድ ቤቱ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ስለ ፍልስጥኤም ግዛቶች የሰጠውን አስተያየት ያስከትሉ፤ ይዞታውን የሚያጸና የንግድ ግንኙነት እንዳይደረግ በግልጽ ይናገራል።

ደረጃ 4፦ የተከለከለውን ዕቃ ይወስኑ። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የዕቃ ዝርዝር አያውጡ፤ «ከግዛቱ የሚመነጭ ማንኛውም ዕቃ» ይበሉ። ወደ ግዛቱ የሚላከውንም ያካቱ። ቀጥሎ የጉምሩክ ሠራተኛው ዕቃውን በምን እንደሚለይ ይጻፉ። አስመጪዎች ሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጂን የሚሉት የስሪት ምስክር ወረቀት በአብዛኛው የአገር ስም ብቻ ነው የሚይዘው። ያ አይበቃም። የአውሮፓ ኅብረት ከእስራኤል የሚመጣ ዕቃ የስሪት ምስክር ወረቀት ዕቃው የተመረተበትን ቦታ ስምና የፖስታ ቁጥር እንዲይዝ ያደረገው ለዚህ ነው፤ በተያዘው ግዛት ያለ የሰፈራ መንደር ምርት ያለዚያ አይለይም። እርስዎም የምርት ቦታው በሰርተፊኬቱና በዲክላራሲዮኑ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ነዋሪውን የሚጠብቅ አንቀጽ ያስገቡ። መድኃኒትና የዕርዳታ እህል ይፈቀድ። በወረራ ሥር ያለው ገበሬም የራሱን ምርት የሚሸጥበት በር ይኑረው። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. የክሪሚያን ዕቃ ሲከለክል ዩክሬን የስሪት ምስክር ወረቀት የሰጠችበትን ዕቃ አልከለከለም። ይህን አሠራር ይውሰዱ።

ደረጃ 6፦ ረቂቁን በሁለት ገጽ ይጨርሱ። ትርጉም፣ ክልከላ፣ ልዩ ሁኔታ፣ ቅጣት፣ አስፈጻሚ አካል። የውጭ ንግድን የመቆጣጠር ሥልጣን የፌዴራል መንግሥቱ መሆኑን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 ይጥቀሱ። በኤ4 ወረቀት ያትሙ።

ደረጃ 7፦ የፊርማ ቅጽ ያዘጋጁ። ዓምዶቹ፦ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ወረዳ፣ ቀን፣ ፊርማ። ጥያቄውን በየገጹ አናት ላይ ይድገሙት፤ ስም ብቻ የሰፈረበት ወረቀት ምን እንደተፈረመበት አይታወቅም። የስልክና የመታወቂያ ቁጥር አይሰብስቡ።

ደረጃ 8፦ ወደ ሰው ይውጡ። በራስ መኮንን ድልድይ ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ እግረኛ ብዙ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ይቁሙ፤ መተላለፊያውን አይዝጉ። ጥያቄውን በአንድ ትንፋሽ ይንገሩት፣ ረቂቁን ያሳዩት፣ እስክሪብቶ ያቀብሉት። ያመነታን ሰው አይወትውቱ። ባነር ይዘው በብዛት ለመውጣት ካሰቡ ግን ያ ሰልፍ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ያሳውቁ።

ደረጃ 9፦ ተወካይዎን ያግኙ። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 መቀመጫ አላት። የምርጫ ክልልዎን ይለዩ። ረቂቅ በብዛት የሚመጣው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ቢሆንም አባላትና ኮሚቴዎችም ሕግ ማመንጨት ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «ይህን ረቂቅ ለምክር ቤቱ ያቀርቡልናል?» መልሱን በጽሑፍ ይለምኑ።

ደረጃ 10፦ ረቂቁንና ፊርማዎቹን ከደብዳቤ ጋር ለምክር ቤቱ ያስገቡ። በሁለት ቅጂ ይያዙት። አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፤ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። ማኅተም ያልተመታበት ደብዳቤ ነገ «አልደረሰንም» ይባላል። ግልባጩን ለንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር፣ ለፍትሕ ሚኒስቴርና ለጉምሩክ ኮሚሽን ይላኩ።

ጊዜውንም ይምረጡ። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ጥቅምት ጥሩ ነው። ሰኔ የበጀት ወር ነውና ይለፉት።

ደረጃ 11፦ ለቋሚ ኮሚቴው መድረክ ይዘጋጁ። ረቂቁ ከተመራ በኋላ የሕዝብ ውይይት ሲጠራ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ይዘው ይሂዱ። ዕቃው መጋዘን ላይ እንዴት እንደሚያዝ እሱ ያስረዳ፤ እርስዎ ስለ ሕጉ ይናገሩ።

ደረጃ 12፦ አይተኙበት። በየወሩ ደብዳቤ ይጻፉ፤ የቀደመውን ገቢ ቁጥር ይጥቀሱ። ለጽናት ምሳሌ ይሁንዎ፦ እንግሊዛዊቷ የመብት ታጋይ ሲልቪያ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ የምትሟገትበትን ጋዜጣ በ1936 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ጀምራ ለሃያ ዓመት አዘጋጅታለች። መቃብሯ ከምክር ቤቱ ብዙም በማይርቀው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ነው።

ደረጃ 13፦ ከጸደቀ በኋላ ጽሑፉን ያመሳክሩ። ሕጉ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይላካል፤ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመም በሥራ ላይ ይውላል። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ እንደወጣ ይግዙና ከረቂቅዎ ጎን አስቀምጠው ያንብቡ። ልዩ ሁኔታው ሰፍቶ ወይም የምርት ቦታው ግዴታ ወጥቶ ካገኙት፣ የማሻሻያ ጥያቄዎን ለዚያው ኮሚቴ በዚያው ሳምንት ያስገቡ።