ያልታወቀው ረሃብ

ምንባብ

በ1965 ዓ.ም. በወሎ ጠቅላይ ግዛት ዝናብ ጠፍቶ፣ ሰብል ደርቆ፣ ከብት አልቆ ነበር። ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ለዘር ያስቀመጠውን እህል በልቶ ከጨረሰ በኋላ፣ ልጆቹን እየመራ ወደ መኪና መንገድ ወረደ። በመንገዱ ዳር የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይለምን ነበር።

ነገሩ ለመንግሥት ያልተሰማ አልነበረም። የሰብሉ መጥፋት በመሥሪያ ቤት መዝገብ ሰፍሯል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም ወደ ሥፍራው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው አሳይተዋል። ሆኖም የአገርና የዘውዱ ክብር እንዳይጎድፍ በሚል ጋዜጣውም ራዲዮውም ዝምታን መረጡ።

በዚህ ጊዜ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ከነካሜራ ባለሙያዎቹ ወሎ ገባ። ምስጢር የተባለው ነገር በአውራ ጎዳና ዳር የተኛ ነበርና ብዙ መፈለግ አላስፈለገውም። «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘው ፊልሙ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ተመልካቹ ደነገጠ፤ የእርዳታ ገንዘብም ከየቤቱ ጎረፈ። ስለ ረሃቡ መጀመሪያ የተናገረ እርሱ ነው ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። መምህራኑ ቀድመውታል፤ ነገር ግን የእነርሱን ድምፅ ማፈን የቻለው ሥልጣን የለንደንን ቴሌቪዥን ማፈን አልቻለም።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በእንቍጣጣሽ ምሽት፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በመካከሉም የቤተ መንግሥቱ ግብር ሥዕሎች ተቀጥለውበት ነበር። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የተሸሸገውን ለመግለጥ የተሠራው ፊልም እንዲህ በሌላ እጅ ተቆርጦና ተቀጥሎ የሥልጣን መሣሪያ ሆነ። ይሁንና በውስጡ የታየው ረሃብ እውነት ነበር።

ከ10 ዓመት በኋላ ረሃቡ በወሎና በትግራይ ተመልሶ መጣ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን አስቀድሞ ለጋሾችን ቢማፀንም፣ ደርግ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ድግስ እስኪያከብር ድረስ የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይጓዙ ይከለከሉ ነበር። የቀድሞውን መንግሥት በዝምታው የከሰሰው ደርግ ዝምታውን ራሱ ወረሰ። በጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ያዘጋጁት ዘገባ ተላለፈ። ሥዕሉ የተነሣው በዚያው በወሎ፣ ኮረም በተባለች ከተማ ዳር፣ ንጋት ላይ ነበር።

ጥያቄዎች

1. የመምህራኑ ፎቶግራፍና የዲምብልቢ ፊልም ያስገኙት ውጤት ለምን ተለያየ?
2. «ዝምታውን ራሱ ወረሰ» የሚለውን ሐረግ በራሳችሁ አነጋገር አብራሩ።
3. አንድን እውነተኛ ፊልም ቆርጦና ቀጥሎ ማሳየት ተገቢ ነውን? በክፍል ውስጥ ተከራከሩ።